ደላላው መጀመሪያ የጠየቀኝ ሊብሬዋን ነው፦ አሮጌ የጃፓን ስፖርት መኪና ጎጃም ላይ ማደስ

ባለፈው ሰሞን ከአዲስ አበባ አንድ ደላላ ደወለልኝ። ቁጥሬን ከማን እንዳገኘው አላውቅም፣ ሰላምታውን በደንብ ሳይጨርስ «ሴሊካ አለችህ አሉኝ፣ ሊብሬ አላት?» አለኝ። አላት አልኩት። «በስምህ ነው?» አይ የአጎቴ ነው፣ ውክልና ግን አለኝ። «እሱ ችግር የለውም፣ ቦሎስ?» ኧረ ቦሎዋ ከተለጠፈ ስንት ዘመኑ ብዬ ሳቅኩ። ከዛ በቃ ዋጋ ጠራ። ልብ በሉልኝ፣ ሞተሯ ይነሳል ወይ አላለኝም፣ ዝገት በልቷታል ወይ አላለኝም፣ ቀለሟን እንኳ አልጠየቀኝም። ሰውዬው የሚገዛው ወረቀቱን ነው፣ መኪናዋ ምርቃት ናት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ለካ አሮጌ መኪና ይዘህ ስትቀመጥ ሦስት ዓይነት ሰው ሦስት የተለያየ ነገር ነው የሚያይብህ፤ ደላላው ሊብሬውን፣ የሰፈር ወጣት ሞተሩን («እቺ መኪና ላይ ቱ ጄዚ ቢገባባት እኮ» እያለ፣ የቶዮታ ሱፕራን ትልቅ ሞተር ማለቱ ነው፣ ሌሊት የማይተኛ አለ)፣ ሽማግሌ መካኒክ ደግሞ ምንም ሳይናገር ጎንበስ ብሎ ከስር ከስሯ ያያል። እኔ እንግዲህ ከዚች መኪና ጋር ሁለት ዓመት ታግዬ የሽማግሌው ወገን ሆኛለሁ፣ ለምን እንደሆንኩ ልንገራችሁ።

መኪናዋ የ1974 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ ናት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር (የመኪናዎቹንና የውጭውን ነገር ዓመት በፈረንጅ፣ የአገር ቤቱን በኛ ነው የምጠራው)። አጎቴ ከአንድ አስተማሪ ላይ ገዝቷት ፍኖተ ሰላምና ደብረ ማርቆስ መሀል ትንሽ ከተመላለሰባት በኋላ ካምቢዮዋ ሲያስቸግረው ወፍጮ ቤቱ ጓሮ ቆርቆሮ ስር አስገብቶ አቆማት፣ ያው «ከመስከረም በኋላ አሠራታለሁ» እንዳለ ስንት መስከረም ጠባ። ወፍጮ ቤት የቆመ መኪና አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከላይ እስከ ታች ዱቄት ለብሳ፣ መስታወቷ ላይ የበቆሎ ብናኝ ጋግሮ፣ እህል ሊያስፈጭ የመጣ ልጅ ሁሉ በጣቱ ስሙን ጽፎባት ነበር። ዱቄቱ ጥሩም መጥፎም ሠርቶብኛል። ቦታው ደረቅ ስለነበር ጣሪያዋና ኮፋኖዋ አልዛጉም፣ ይሄ ጥሩው ነው። መጥፎው አይጥ ነው። ዱቄት ያለበት አይጥ አለ፣ አይጥ ያለበት ደግሞ ሽቦ አይተርፍም። ዳሽቦርዱን ስንፈታው የኤሌክትሪክ ሽቦው ልብሱን ተገፎ መዳቡ ብቻ ነው የቀረው፣ ከማሞቂያው ሳጥን ውስጥ ደግሞ ሙሉ ጎጆ አወጣን፣ የወንበር ስፖንጅ፣ የጆንያ ክር፣ የበቆሎ ፍሬ፣ ምን የሌለበት አለ፣ አንድ የድሮ አስር ሳንቲምም ነበረበት።

ሴሊካን ለማያውቅ ትንሽ ልበል። ቶዮታ ይቺን መኪና ለሽያጭ ያወጣት በ1970 መጨረሻ ላይ ነው፣ ከስሯ ያለው ነገር ካሪና ከምትባለው የቤተሰብ መኪና ጋር አንድ ነው፣ ማለትም መልኳ ስፖርት ይሁን እንጂ አጥንቷ የተራ ሰው መኪና ነው። የኔዋ 2ቲ የሚባለው 1,588 ሲሲ ሞተር አላት፣ ፋብሪካው 100 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈለት፣ ሰንሰለት እንጂ ቺንጊያ የማይቆጣጠረው፣ ቀላል ሞተር። ጂቲ የተባለችው ደግሞ ያማሃ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) የሠራላት ባለ ሁለት ካምሻፍት 2ቲጂ ነበራት፣ እሷን እኔ በፎቶ ነው የማውቃት። ከሴሊካ በፊት ቶዮታ ከያማሃ ጋር 2000ጂቲን ሠርቷል፣ ጠቅላላ 350 ገደማ ብቻ ነው የተሠራው፣ በ2013 አሜሪካ ውስጥ አንዷ ከ1.1 ሚሊዮን ዶላር በላይ በጨረታ ተሸጣለች። ዳትሰን 240 ዜድ የምትባለው ሌላዋ የጃፓን ስፖርት መኪና ደግሞ አሜሪካ ስትገባ 3,526 ዶላር ነበረች፣ በ2020 መጀመሪያ አንዲት ብዙም ያልተነዳች 310,000 ዶላር ወጣች። ይሄን ዜና የሰማ ሁሉ ጓሮው ያለችውን ቅርፊት ማየት ጀመረ፣ እኔን ጨምሮ። ግን እውነቱን እንነጋገር፣ ያ ዋጋ የመኪናው ብቻ አይደለም፣ ከፋብሪካ የወጣ ቀለም፣ የመጀመሪያ ደረሰኝ፣ ሙሉ የጥገና መዝገብ ያለው መኪና ዋጋ ነው፣ የፍኖተ ሰላሟ ሴሊካ እዛ ጨረታ አትቀርብም፣ የሚያቀርባትም የለም።

ታዲያ ለምን እዚ አገር ዋጋዋ ወጣ? መልሱ ጃፓን ወይ አሜሪካ አይደለም ያለው፣ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። በየካቲት 2012 የጸደቀው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1186፣ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ እንደ ሞተሩ መጠን እስከ 500 ፐርሰንት የሚደርስ ታክስ ጣለ። ዓላማው ያረጀ መኪና አገር ውስጥ እንዳይገባ ነው፣ ለነዋሪው ሳንባና ለመንገዱ ካሰብክ ክፉ ሐሳብ አይደለም፣ ግን አዋጁ ሃምሳ ዓመት የሞላት ሴሊካንና አሥር ዓመት የሞላውን ቪትዝ በአንድ ዓይን ነው የሚያያቸው፣ ክላሲክ ወይ ቅርስ መኪና ብሎ የሚለይ ነገር የለውም። ከዛ በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከአሁን በኋላ አይገባም፣ ኤሌክትሪክ ብቻ ብሎ አወጀ። በዓመቱ መጨረሻ ሐምሌ 2016 ደግሞ ብር ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ሦስቱን ደምራችሁ እዩት፤ አሮጌ የነዳጅ መኪና ከውጭ አይገባም፣ ዕቃው በዶላር ነው፣ አገር ውስጥ ያለው ቁጥር ከእንግዲህ የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አይደለም። ደላላው ሊብሬ የሚጠይቀው ለዚ ነው። ሊብሬ ያላት ሴሊካ መንገድ ላይ የመውጣት መብት ያላት ሴሊካ ናት፣ ሊብሬ የሌላት ግን ለመካኒክ የዕቃ መደብር ናት፣ ለባለቤቷ ደግሞ ብረት። እና ሊብሬዋ የጠፋባችሁ ካላችሁ፣ ከሞተሩ በፊት እሱን ጨርሱ፣ እኔ አጎቴን ይዤ ወረቀት ስል ስመላለስ የከረምኩት ከካርቡራተሩ በላይ ነው ያደከመኝ።

እዚ ላይ ብዙ ሰው «እኛ ጋ ስፖርት መኪና የት አለና» ይለኛል። አለ እኮ፣ ስሙ ነው እንጂ ሌላ የሆነው። ያቺ ባሕር ዳር ውስጥ ሪም ቀይራ፣ ዝቅ ብላ፣ ማርሚታዋን አሰምታ የምታልፈዋ ዲኤክስ ምንድነች ታዲያ? ዲኤክስ ማለት ዴሉክስ ማለት ነው፣ የኮሮላ አንድ ደረጃ ስም፣ እኛ ጋ ግን የመኪናው ስም ሆኖ ቀረ። አራት ማዕዘን መልክ ያላት የድሮዋ ዲኤክስ በ1979 የወጣው የኮሮላ ትውልድ ናት፣ ከኋላ የምትነዳ፣ ብዙዎቹ ላይ ያለው 1,290 ሲሲ 4ኬ ሞተር ነው። በ1983 ኮሮላ ወደ ፊት ጎማ ነጂነት ሲዞር ሁለት ኩፔ (ባለ ሁለት በር) ሞዴሎች ብቻ ከኋላ ነጂ ሆነው ቀሩ፣ ኤኢ85 እና ዛሬ ዓለም የሚሻማባት ኤኢ86፣ እና የነዚህ ወለልና የኋላ አክስል አሠራር የመጣው ከድሮዋ ዲኤክስ ነው። የፊት እግራቸውም አንድ ዓይነት ስትራት (ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ አንድ ላይ የተያያዙበት)፣ የኋላቸውም በጥቅል ሞላ (ስፕሪንግ) የተሸከመ ድፍን አክስል። ስለዚ የባሕር ዳር ልጅ ዲኤክሱን ሲያሳምር የሚነካካው ነገር ከኤኢ86 ጋር የሥጋ ዘመድ ነው፣ ይሄን የሚያውቅ ስንቱ ነው? የማያውቅ ደግሞ ከፋብሪካ የመጣውን መሪ፣ የፊት ግሪል፣ የበር እጀታ፣ የኋላ መብራት ፈትቶ ጥሎ ከቻይና የመጣ የሚያብለጨልጭ ነገር ይገጥማል። እኔ ማሳመርን አልቃወምም፣ እንጅባራ ላይ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ፈረሳቸውን እንዴት አድርገው እንደሚሸልሙት ያየ ሰው ጌጥ አይጠላም፣ ግን እነሱ ጌጡን ሲያደርጉ የፈረሱን ጆሮ አይቆርጡም። የፈታኸውን ዕቃ በጆንያ አድርገህ ጣሪያ ላይ አስቀምጠው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ለራስህም ለሌላውም ይሆናል።

ደግሞ እነዚ መኪኖች ለኛ መሬት እንግዳ አይደሉም። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ የሚሮጠው ሳፋሪ ራሊ ላይ 240 ዜድ በ1971 እና በ1973 አሸንፋለች፣ ሴሊካ ደግሞ (ከኔዋ በኋላ የመጣችው ቱርቦዋ ማለቴ ነው) በ1984፣ 85 እና 86 ተከታትላ ወስዳዋለች። ጭቃ፣ አቧራ፣ ድንጋይ፣ ከፍታ፣ ሁሉም እኛ ጋ ያለ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌው ልምጣ። መኪናዋን መጀመሪያ ባሕር ዳር አንድ ጋራዥ አስገብቻት ነበር፣ ስሙ ይቅር፣ የኋላ ፓራፋንጎዋ ታችኛው ክፍል ዝጎ ስለነበር ላሜራ ቀይሩልኝ ብዬ ከፍዬ ወጣሁ። ስቀበላት እንደ መስታወት ታበራ ነበር፣ ፎቶ ተነስቼባታለሁ እንኳን። አንድ ክረምት አለፈ። መስከረም ላይ ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጥሮ አበጠ፣ በጥፍሬ ስነካው ተፈርፍሮ ወረደ። ያኔ ነው ፍኖተ ሰላም ያለውን ሽማግሌ መካኒክ የጠራሁት። ኪሱ ውስጥ በመሀረብ የተጠቀለለ የአሮጌ ስፒከር ማግኔት ይዞ ነው የሚሄደው፣ አውጥቶ ከፊት በር ጀምሮ በቀስታ አስጎተተው፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ ይይዛል፣ ይይዛል፣ ከኋላ ጎማው በላይ ሲደርስ ማግኔቱ ወለል ላይ ወደቀ። እንደገና ለጠፈው፣ እንደገና ወደቀ። «ልጀ፣ እዚች ላይ መኪና የለም» አለኝ። ስንፈለፍለው የጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ፣ ከስሩ ፋሻ፣ ከፋሻው ስር የታጨቀ ጋዜጣ። ገልብጬ አየሁት የስፖርት ገጽ ነው። ስፖርት መኪና ተባለችና የስፖርት ገጽ አጎረሷት።

«አባባ ምን ይሻላል?» አልኩት፣ «ቆርጠን እንጀምራለን፣ ደህና ብረት እስክናገኝ» አለ። ጠቅላላ የማደስ ሥራ ማለት ይቺ አረፍተ ነገር ናት በቃ። የዛገውን ሳትሸፍን ደህና ብረት እስክታገኝ መቁረጥ፣ ከዛ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ላሜራ ቀጥቅጦ ቅርጹን አስይዞ መበየድ። ችግሩ የዚ ዘመን መኪና ላሜራ 0.8 ሚሊ ገደማ ነው፣ ለበርና መስኮት በምንጠቀምበት የኤሌክትሪክ ብየዳ ብትነካው ይበሳል፣ በኦክስጅን ብታሞቀው ደግሞ እንደ ቂጣ ይጎብጣል። ሽማግሌው የሚያደርገው በኦክስጅን ነው፣ ግን ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ከልሎ፣ አንድ ነጥብ እዚ ይበይድና ሄዶ ከዛ ጫፍ ሌላ ነጥብ፣ ከዛ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። ሻዩ ለመዝናናት መስሎኝ ነበር፣ ለካ ብረቱ እስኪበርድ ነው። አንድ የክንድ ርዝመት መስመር ሙሉ ቀን ፈጀበት። ያ የባሕር ዳሩ ጋራዥ ያንኑ በአንድ ከሰዓት «ጨርሷል»። የዋጋው ልዩነት የሚመጣው ከዚ ነው፣ ሰው ግን ሁለቱንም «ላሜራና ቀለም» ብሎ ነው የሚጠራቸው።

ለምን እዛ ቦታ ዛገ የሚለው ራሱን የቻለ ነገር ነው። ሴሊካ ኩፔ ናት፣ የጎን መስታወቶቿ መሀል ምሰሶ የላትም፣ ሁለቱን ዝቅ ስታደርጋቸው ጎኗ ሙሉ ክፍት ነው፣ ውበቷም እሱ ነው። ግን የመስታወቱ ጎሚኒ (ውሃ የሚከላከለው ጎማ) ሲያረጅ ውሃ በመስታወቱ ጎን ወርዶ ፓራፋንጎው ሆድ ውስጥ ይገባል፣ ፋብሪካው ይሄን አውቆ ከስር የውሃ መውጫ ቀዳዳ ሠርቶላታል፣ የኔዋ ቀዳዳ በምን ተደፈነ? በዱቄት። ዱቄትና ውሃ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለጎጃም ሰው አይነገርም፣ ሊጥ ሆኖ ተጋግሮ ስንት ዓመት ሙሉ ብረቱን አርሶ ይዞታል። ወፍጮ ቤት ላላቆመ ሰው ያው ጭቃው ነው ይሄን የሚሠራው። በነገራችን ላይ እኛ ዕድለኞች ነን፣ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ፣ ጃፓን ደግሞ ባሕር የከበባት የደሴቶች አገር ናት፣ የነሱ 240 ዜድ ከስሯ እንደ ወንፊት ነው የምትሆነው። ጎጃም ጨው የለም፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው። እዚ የተቀመጠ መኪና ቀዳዳዎቹን በሽቦ ጠርገህ ጭቃውን ካጠብክለት ላሜራው ከሌላው ዓለም ይሻላል። ያለን ሀብት ይሄ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ሞተር ከሌላ ቶዮታ ይመጣል፣ ካምቢዮም እንደዛው፣ የሴሊካ የኋላ ፓራፋንጎ ግን ከየትም አይመጣም።

ሞተሩ ላይ ብዙ አልቆይም ምክንያቱም ብዙም አላስቸገረኝም፤ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት ማለቴ ነው)፣ ጓርኒሲዮን፣ የውሃ ፖምፓ፣ ቴስታታውን ቶርኖ ቤት አስልሶ፣ በቃ። ያስቸገረኝ ከፍታው ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ታልፋለች። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ደግሞ አሮጌ ዕቃ ነው፣ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፣ ለባሕር ወለል ከፍታ የተሰጠውን ቤንዚን ነው የሚያፈሰው። ውጤቱ ካንዴላው (እሳት የሚሰጠው) እንደ ድስት ቂጥ ይጠቁራል፣ ጭሱ ይከረፋል፣ ቤንዚን ትበላለች፣ ጉልበት የለም። በየ1,000 ሜትሩ አስር ፐርሰንት ገደማ ጉልበት ይቀንሳል ብላችሁ አስቡት፣ የኔዋ 100 ፈረስ ደብረ ማርቆስ ላይ 75 ቢሆን ነው። ይሄን የማያውቅ ሰው «ሞተሩ ሞቷል» ብሎ ያወርደዋል፣ ፋሻ ይቀይራል፣ ምንም አይለወጥም። ሽማግሌው ያደረገው ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚለካውን ትንሽ የነሐስ ጄት አውጥቶ፣ ቀዳዳውን በእርሳስ ደፍኖ፣ ከበፊቱ በቀጠነ እንደገና በሳው። ለመብሻው የተጠቀመበት ቀጭን ሽቦ ክብሪት ቀፎ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ለማንም አያውስም። ሦስት ጊዜ ነው የሞከረው፣ በየሙከራው ደምበጫ ደርሰን ተመልሰን ካንዴላውን እያወጣን ቀለሙን አየን፣ በሦስተኛው የተቆላ ቡና ቀለም መጣ፣ ያ ነው ትክክለኛው።

ግን ያ ጄት ለፍኖተ ሰላም የተሠራ ነው፣ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ሌላ ታሪክ ነው። ከደጀን እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርደው፣ ሙቀቱ ከታች ይቀበልሃል፣ ቤንዚኑ ቧንቧው ውስጥ ተንኖ ሞተሩ ቀጥ ይላል። የድሮ ሾፌሮች መድኃኒቱን ያውቁታል፣ እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ጠቅልሎ ትንሽ መጠበቅ። ውሃውም እንደዛው፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ስለዚ የራዲያተር ክዳን ግፊት የሚይዝ ካልሆነ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ውሃ ይገነፍላል፣ ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ ወትፎ የሚነዳ ስንት ሰው አለ፣ ከዛ ቴስታታ ተቃጠለ ብሎ ያለቅሳል። ከሁሉ በላይ ግን ፍሬኑ። ዳገቱ ነው ሰው የሚፈራው፣ የሚገለው ግን ቁልቁለቱ ነው። ለዓመታት ያልተቀየረ የፍሬን ዘይት ውሃ ስቦ ይቀመጣል፣ ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። እኔ ቀለም ከመቀባቴ በፊት አራቱንም የጎማ ሲሊንደር፣ ቱቦውን፣ ዘይቱን ቀይሬ ነው ደጀንን ያለፍኩት፣ እሱንም በሁለተኛ ማርሽ። ወንዙ ላይ ስደርስ ቆሜ ሻይ ጠጣሁ፣ ያ ድልድይ በጃፓን ዕርዳታ በ2000 ዓ.ም ማለቂያ ላይ የተመረቀው ነው፣ የጃፓን መኪና የጃፓን ድልድይ ላይ ብዬ ለራሴ ሳቅኩ። አብሮኝ የነበረው የአጎቴ ልጅ አልሳቀም፣ ከደጀን ጀምሮ የበር እጀታውን ጨብጦ ነበር።

ዕቃን በተመለከተ። ጃፓኖቹ ራሳቸው አሁን ነቅተዋል፣ ማዝዳ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ የመጀመሪያዋን ሮድስተር በፋብሪካ ያድሳል፣ ቶዮታ ከ2020 ጀምሮ ለ2000ጂቲና ለሱፕራ የቆመ ዕቃ እንደገና ማምረት ጀምሮ በኋላ ኤኢ86ን ጨመረ። ደስ ይላል ግን ለኛ ሩቅ ነው፣ በዶላር ገዝተህ፣ ቀረጥ ከፍለህ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጭነህ፣ መንገዱ ከተዘጋ ደግሞ ዕቃህ መናኸሪያ ይከርማል፣ ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት መንገዱ ስንቴ እንደተዘጋ ጎጃም ያለ ያውቀዋል። አንድ የፍሬን ጎማ ሁለት ወር ጠብቄያለሁ። ስለዚ የሚያዋጣው መተካካት ማወቅ ነው። ከካሪና የሚሆነውን፣ ከድሮ ቶዮታ ኮሮና የሚሆነውን፣ ቶርኖ ቤት የሚሠራውን ለይቶ ማወቅ። ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ለምሳሌ የመኪና ስም ይዘህ አትፈልግም፣ ጠርዙ ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩን ይዘህ ከሄድክ ለውሃ ፖምፓም ለወፍጮም የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ታገኘዋለህ። የኔ የኋላ ጎማ ኩሽኔታ የተገኘው የወፍጮ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ነው፣ አጎቴ ይሄን ሲሰማ «ድሮም ከወፍጮ ቤት ነው የወጣችው» አለ። አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ደግሞ ያረጀውን ዕቃ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ በስልክ ፎቶ «እሱ ነው እሱ ነው» ተብዬ የማይገባ ዲስክ ተሸክሜ ተመልሻለሁ።

የሰፈር ልጆች በየጊዜው የሚያነሱት ሌላ ጥያቄ አለ፣ ለምን ኤሌክትሪክ አታደርጋትም? ነዳጅ ማደያ ሰልፍ፣ በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን፣ ሕዳሴው ደግሞ ጳጉሜን 2017 ተመርቋል፣ መብራት እያለ ለምን? ጥያቄው የጅል ጥያቄ አይደለም፣ ቶዮታ ራሱ በ2023 መጀመሪያ ቶኪዮ ላይ ሁለት ኤኢ86 አቅርቧል፣ አንዷ በሃይድሮጅን አንዷ በባትሪ፣ የባትሪዋም ካምቢዮዋ በእጅ የሚቀየረው እንዲሆን አድርገው ነው የሠሯት፣ ሰው ማርሽ መቀየሩን እንዳያጣ ብለው። እኔ ግን ለጊዜው እምቢ ነኝ። አንደኛ ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ተጽፏል፣ ሞተር መቀየር ማለት ወረቀት መቀየር ማለት ነው፣ ያን በር እንደገና ማንኳኳት አልፈልግም። ሁለተኛ ከ1 ቶን በታች ለምትመዝን መኪና የባትሪ ክብደት ቀላል አይደለም፣ ወለሏን ሳላጠናክር ብጭንባት ሽማግሌው የበየዳትን ሁሉ ይፈታዋል። ሦስተኛ ምክንያቴ ምክንያት አይባልም፣ ድምጿን እወደዋለሁ። የኛ ልጆች ዲኤክስ ላይ ቢሞክሩት ግን እኔ እደግፋለሁ፣ ሞተሩ የሞተ፣ ላሜራው ደህና የሆነ ዲኤክስ ብዙ አለ፣ ሕጉን የሚያወጣው ክፍልም እንደዚ ዓይነት ለውጥ በምን መልኩ እንደሚመዘገብ ቁርጡን ቢያሳውቅ ስንቱን ከብረት መዛኝ ያድን ነበር።

አሁን ያለችበት ሁኔታ እንዲህ ነው። ትነሳለች፣ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ሽቦው ግማሹ አዲስ ነው፣ ቀለሟ አንቲረስት (ከቀለም በፊት የሚቀባው የዝገት መከላከያ) ብቻ ነው፣ እንደ ዓመድ። ሰው «መቼ ነው የምትቀባት» ይለኛል፣ አንድ ክረምት ሳይነፋ ካለፈ በኋላ ነው የምቀባት፣ ከአንድ ጋዜጣ ተምሬያለሁ። የጎደላት አንድ ነገር የግራ የኋላ ፍሬቻ ልባስ ነው፣ ብርቱካናማዋ ፕላስቲክ፣ የወፍጮ ቤቱ ልጆች ናቸው በኳስ የሰበሯት። ደላላው ባለፈው ማክሰኞ መልሶ ደወለ፣ ዋጋ ጨምሯል። አልሸጥም አልኩት፣ ከዛ «ግን ሶማሌ ተራ ቅርብህ ነው አይደል፣ የሴሊካ ፍሬቻ ብታይልኝ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «የግራ ነው የቀኝ?» አለኝ።